ቀይ ቀበሮው ለምን ዞሮ እንዳየኝ

ስልኬ ውስጥ ካሉት ፎቶግራፎች ሁሉ ሰው ደጋግሞ እንዳሳየው የሚጠይቀኝ አንዱን ነው። ውርጭ በመታው አጭር ሣር ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። ወገቡ ዝቅ ብሏል፤ የቀኝ የፊት እግሩ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ቀርቷል፤ ፊቱን ግን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዙሯል። ጉሮሮው ሥር ያለው ነጭ ጠጉር፣ ቀጭኑ ረጅም አፍንጫው፣ የማለዳ ፀሐይ ያረፈባቸው ሁለት ዓይኖቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ያየው ሁሉ «አንቺን እኮ ነው የሚያየው!» ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳትሞ በፍሬም አስገብቶ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር፤ ተው አልሁት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርሁትም።

ምክንያቱ፣ ቀበሮው ለምን ዞሮ እንዳየኝ ማወቄ ነው። ፎቶግራፉን ካነሣሁ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ያችን ቅጽበት ግን ዛሬም ድረስ ከራሴ ጋር ጨርሼ አልተነጋገርሁባትም። ይህን የምጽፈውም ምናልባት ጽፌ ስጨርስ ነገሩ ይጠራልኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ከሳነቴ ቁልቁል

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አራት ሌሊት በሐረና ደን ውስጥ በሚገኝ አንድ ትንሽ ሎጅ አሳለፍሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ጎባ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እርሱን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ከጎባ በኋላ ያለው ነው። መንገዱ እየተጥመዘመዘ ከ4000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ያወጣል፤ ቱሉ ዲምቱን፣ ያንን 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቀይ ኮረብታ፣ በጎን ትቶ ያልፋል፤ ከዚያ አምባው በድንገት ያልቅና መሬቱ ከእግር ሥር የተወሰደ ያህል ቁልቁል ይወረዳል። መጀመሪያ አስታው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ከዚያ ሽበት የመሰለ የዛፍ ጢም የተንጠለጠለባቸው የኮሶና የዝግባ ዛፎች ይመጣሉ። ከላይ ከንፈሬን የሰነጠቀው ደረቅ ብርድ፣ ሪራ የምትባለውን መንደር ስናልፍ እርጥብ የቅጠል ሽታ ወደ ሞላው አየር ተለውጦ ነበር። ይህ ሁሉ ለውጥ የሆነው አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው።

ሎጁ ስምንት የድንጋይ ቤቶችና አንድ የጋራ እልፍኝ ብቻ ነው ያለው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጨለማው ፍጹም ነው፤ የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየተቀባበሉ ያንን ከባድና የሚያስገመግም ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ልቤ ቆሞ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ሰዓት ደወል እጠብቃቸው ጀመር። ማሩ የሚመጣው በዙሪያው ባሉት ዛፎች ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች፣ ቡናው ደግሞ ማንም ሳይተክለው በዛፎቹ ጥላ ሥር ከበቀለው የሐረና ጫካ ቡና ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው። እኔ በበኩሌ፣ በዱር አካባቢ የሚሠራ ማረፊያ እንዲህ ትንሽ ሊሆን ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ሰው ሲበዛ የወንዙ ድምፅ አይሰማም ነበር።

አስጎብኚያችን ስልሳን የተሻገሩ አባት ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አምባው ላይ ከብትና ፈረስ ሲጠብቁ ነው። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር፤ እርሳቸው ልጄ ይሉኛል። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ አንድ ነገር ከማሳየታቸው በፊት እኔ ራሴ እንዳገኘው ጊዜ ይሰጡኛል። የድኩላ ዱካ ካለ ቆም ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ እንጂ በጣታቸው አይጠቁሙም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቀይ ቀበሮን የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ነበር። የማላውቀው ነገር ናፍቆኛል ልል አልችልም። ነገር ግን ለጉዞው ገንዘብ ሳጠራቅም፣ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ መሆናቸውን፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ እንደሚኖሩ ሳነብ፣ አንድ ዓይነት ጥድፊያ ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። ማየት ብቻ ሳይሆን ይዤ መመለስም ፈለግሁ።

ጠጋ ብንልስ

በሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ወደ ሳነቴ ወጣን። ፀሐይ ስትወጣ አምባው ላይ ነበርን። ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፤ ጅብራዎቹ ሌሊት የከደኑትን ቅጠላቸውን ገና አልገለጡም። ጥቂት እርምጃ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጋሼ ሾፌሩን በዝግታ ትከሻውን ነካ አደረጉትና ሞተሩን አስጠፉት። ከመንገዱ በስተግራ፣ መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀዩ ነገር ድንጋይ መስሎኝ ነበር።

ድንጋይ አልነበረም። በሆዱ ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው የቆመ ቀበሮ ነበር፤ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ተቀስረዋል፤ ከጅራቱ ጫፍ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ከፊቱ ሣሩ ተግጦ አፈሩ የወጣ ክብ ቦታ አለ። ጋሼ በሹክሹክታ «ፍልፈል ነው የሚጠብቀው» አሉኝ። ይህ ከባሌ ተራሮች በቀር በምድር ላይ የትም የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል ነው፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ሲወጣም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የኋላ አካሉን ጉድጓዱ ውስጥ ትቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ራሱን ብቅ እንዳደረገ ሰማዩንም ምድሩንም ያያል። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እርሷ ስትደነግጥ እርሱም ይገባል።

ቀበሮው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ አብሮ ይተኛል፣ ግዛቱን አብሮ ያስከብራል፤ ሲያድን ግን ብቻውን ነው፤ የሚያድነውም ፍልፈሎቹና አይጦቹ ፀሐይ ሞቋቸው በሚወጡበት በቀን ነው። ስለዚህ ያ የማየው ነገር ትርኢት አልነበረም፤ አንድ ሠራተኛ ጠዋት ሥራው ላይ ነበር። ይህን ቃል ያገኘሁት ግን በኋላ ነው።

ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ፍልፈሉ ሁለት ጊዜ ብቅ አለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀበሮው አልተንቀሳቀሰም፤ ሲገባ ብቻ ሁለት ሦስት እርምጃ እየተሳበ ቀረበ። በስልኬ ካሜራ ውስጥ ግን እንደ ብይ ያህል ብቻ ነበር የሚታየኝ። ይህን ያህል መንገድ መጥቼ፣ ይህን ያህል ከፍዬ፣ ይዤ የምመለሰው አንድ ቀይ ነጥብ ሊሆን ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ በዝግታ «ጠጋ ብንልስ?» አልሁ።

ጋሼ አልመለሱልኝም። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው። እርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን ኮፍያ ተመለከቱ። ያ ዝምታ ምን እንደሚል አሁን በደንብ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተንኮሻኮሸ ሠላሳ፣ አርባ ሜትር ያህል ወደ ፊት ተጓዝን። ቀበሮው ጆሮውን ብቻ አንድ ጊዜ ወደ እኛ አዞረና መለሰ። ታገሠን። የእኔ መስኮት ግን ፀሐይዋን አንጸባረቀብኝ፤ የተሻለ ለማግኘት በሩን ከፈትሁና አንድ እግሬን መሬት ላይ አሳረፍሁ።

ፍልፈሉ በዚያው ቅጽበት ወጥቶ ነበር። ግማሽ ሰውነቱ ውጭ ነበር። ቀበሮው የቀኝ እግሩን አንሥቶ ነበር። የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ፤ ወፏ ተነሣች፤ ጉድጓዱ ባዶ ሆነ። ቀበሮው እግሩን እንዳነሣ ለአንድ አፍታ ወደ ባዶው ጉድጓድ ተመለከተ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ፣ እኔን፣ አየ።

ያን ጊዜ ነው ፎቶግራፉን ያነሣሁት። ጣቴ ከልቦናዬ በፊት ነበር የተንቀሳቀሰው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሌላውን ስለ ነበር የምለቅመው አልነበረኝም።

የእሳት ዳር

ያን ቀን ጋሼ ስለ ነገሩ ምንም አላነሡም። ምሽት እልፍኙ ውስጥ ምድጃው ዳር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ራሴ ጠየቅኋቸው፦ «ጋሼ፣ ጠዋት እምቢ ሊሉኝ ፈልገው ነበር፤ አይደል?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። እንግዳ ሲጠይቅ እምቢ ይባላል እንዴ?» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ከዚያ ሸንተረር ጀርባ ግልገሎች አሉ» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ አያስፈልግምም ነበር። ግልገሎቹ የሚወለዱት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ጥር ላይ ከጉድጓድ ወጥተው ሥጋ መልመድ ይጀምራሉ፤ የሚያበሏቸውም እናታቸው ብቻ ሳትሆን የመንጋው አባላት ሁሉ ናቸው፤ ያደነው በሆዱ ይዞ ይመለስና አፋቸው ላይ ያወጣላቸዋል። አንድ ኪሎ የሚጠጋ ፍልፈል፣ ሃያ ኪሎ ለማይሞላ እንስሳ ምን ማለት እንደ ሆነ እሳቱን እያየሁ አሰላ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ፈታ አለላቸው። በአገሬው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ቀይ ቀበሮን ጄደላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ካለች ከኋላ ከኋላ ይከተላታል፤ የሚጠብቀው እንግዴ ልጁን ነው፤ ግልገሏን አይነካም። «እኛ ልጆች ሳለን እርሱ ከፈረሱ ኋላ ካለ፣ ዛሬ ትወልዳለች እንላለን» አሉኝ። ክረምት ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ የሚቆመውን አበባ ማር እረኞቹ እየላሱ ይጫወቱ እንደ ነበርም ነገሩኝ፤ ቀበሮውም ይልሰዋል አሉ። ከተመለስሁ በኋላ ሳነብ፣ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ ከአበባ ወደ አበባ እየሄደ ማር እንደሚልስ በጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2024 ሆኖ አገኘሁት። ያን እንስሳ በባሌ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከታትለውታል። ተቀምጦ፣ ርቆ፣ ዓመት እስከ ዓመት የሚያይ ዓይን ብቻ ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው።

ስለ ውሾቹም አወሩኝ። ከብት ጠባቂው ጅብን ለመከላከል ውሻ ያረባል፤ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ አምባው ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ ብዙ መንጋ ጨርሷል። «ሬሳቸውን ስናገኝ ሰው የሞተብን ያህል ነበር» ብለው ዝም አሉ። ውሾቹን መከተብ የቆየ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን የሚከትቡበት መንገድ ተጀምሯል፤ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደበቅና፣ ሰዎች ሌሊት በፈረስ እየዞሩ መንጋዎቹ ባሉበት ይጥሉላቸዋል። በዚያ ብርድ፣ በጨለማ፣ በፈረስ። እኔ በቀን፣ በመኪና፣ በሩን ከፍቼ።

ሳሎንና ጓዳ

ራሴን ለማጽናናት የሞከርሁባቸው ሐሳቦች አሉ። አንድ ፍልፈል ያመለጠው ቀበሮ አይሞትም፤ በቀን ስንት ጊዜ ስቶ ስንት ጊዜ ይይዛል። የእርሱ ጠላት ወረርሽኙ፣ ግጦሹ እየሰፋ መምጣቱ፣ አምባውን በፍጥነት የሚያቋርጡት መኪኖች ናቸው እንጂ የእኔ አንድ እግር አይደለም። ሎጁ ባይኖር፣ እኔን የመሰለ ከፋይ ባይመጣ፣ ጋሼም ሥራ አይኖራቸውም፤ የማሩም ገዢ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት ቢሆንም ፎቶግራፉን ባየሁ ቁጥር አንገቴን የሚያስደፋኝን ነገር አልነካውም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት እንግዳ ንጉሥ ነው፤ የተሻለው ወንበር የእርሱ ነው፤ ቁርጡ ከእርሱ ይጀመራል። ነገር ግን ለእንግዳውም ወግ አለው፦ ጓዳ አይገባም። ወጡ ምን ያህል እንደ ቀረ፣ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ፣ እንጀራው ከጎረቤት ተበድሮ እንደ ሆነ የሚታወቀው ጓዳ ነው። አስተናጋጁ እምቢ አይልም፤ እንግዳው ግን አይጠይቅም። የሁለቱ ጨዋነት የሚቆመው አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ነው። እኔ ሳነቴ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ወሰድሁ። እምቢ አለመባሌን እንደ መብት ቆጠርሁ፤ ያለመጠየቅ ግዴታዬን ግን ረሳሁ። ጋሼም በባህላቸው ታስረው ዝም አሉ፤ የሁለታችንም ጨዋነት ሒሳብ የተወራረደው በቀበሮው ጓዳ ነው።

ገንዘቡም አለበት። ለአራት ሌሊት የከፈልሁት ለእኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ትልቅ ገንዘብ የከፈለ ሰው ደግሞ የከፈለበትን ሁሉ የገዛ ይመስለዋል። አልጋውን ተከራይቻለሁ፤ መኪናውን ተከራይቻለሁ፤ የጋሼን ቀን ተከራይቻለሁ። ቀበሮውን ግን ማንም አላከራየኝም፤ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለም። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት ያን ጠዋት ሳይታየኝ ቀረ? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ መስተንግዶውም ሲመቸኝ፣ ሲሞቀኝ፣ «ምን ይጨመርልዎት» ስባል ቀስ በቀስ ወስዶኝ ነበር።

የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሰማሁ ጊዜ ዕንባዬ ነበር የመጣው። ወደፊት ብዙ ሰው ይሄዳል፤ መሄድም አለበት፤ አገሩን ያላየ ሰው ስለ አገሩ ዱር ሊቆረቆር አይችልምና። ግን ሁሉም እንደ እኔ «አንድ ጊዜ ብቻ ጠጋ ብንልስ» ይል ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ጊዜ ነው፤ ለቀበሮው ግን በየጠዋቱ ነው።

የመጨረሻው ጠዋት

ከመመለሴ በፊት ባለው ጠዋት እንደገና ወደ አምባው እንዲያወጡኝ ለመንኋቸው። መኪናው ውስጥ ስገባ «ጋሼ፣ ዛሬ ብጠይቅዎ እንኳ እምቢ ይበሉኝ» አልኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሲስቁ ሰማኋቸው። «እሺ ልጄ፣ እምቢ እልሻለሁ» አሉ።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ ዚፑን ዘጋሁት። ሎጁ ያዋሰኝን ባይኖክላር አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁ። አንድ ሌላ ቀበሮ፣ ምናልባትም ያው ራሱ፣ ከመንገዱ በጣም ርቆ ከአንድ ጅብራ ሥር ተጋድሞ አገኘነው። ሞተሩ ጠፋ። መስኮቱን አስቀድመን ዝቅ አድርገነው ስለ ነበር የሚከፈት ነገር አልነበረም። ብርዱ ገብቶ ጣቶቼን አደነዘዘኝ፤ ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ፤ ማንም አልተናገረም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። በባይኖክላሩ ውስጥ ትንፋሹ ከአፍንጫው እንደ ጭስ ሲወጣ ይታየኝ ነበር፤ ጀርባው ላይ ያለው ውርጭ ፀሐይዋ ስትነካው ወደ ጠብታ ሲለወጥ፣ ከዚያ ጠብታው ሲደርቅ አየሁ። ከፊቱ የነበረው ጉድጓድ ምንም አላወጣም። በመጨረሻ በራሱ ጊዜ ተነሣ፤ ጀርባውን አጎብጦ ተዘረጋጋ፤ ራሱን አራገፈና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አዘገመ። እዚያም ደርሶ ተጋደመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴም እንኳ ወደ እኛ ዞሮ አላየም።